ሞጁሉ ከሰርቨሩ ጋር አይጣጣምም ሲባል፦ ብሮትሊን በኤንጂንኤክስ ላይ ስለ መጫን

ጥያቄዎን በአጭሩ ልድገመው። ረጃጅም የአማርኛ ጽሑፎችን የያዘ ድረ ገጽ በኪራይ ሰርቨር ላይ ያስተዳድራሉ። የሰርቨሩ ሊኑክስ ኡቡንቱ 22.04 ሲሆን፣ ገጾችን ለጎብኚዎች የሚልከውን ፕሮግራም፣ ኤንጂንኤክስን፣ የጫኑት ከኡቡንቱ ሳይሆን ከራሱ ከኤንጂንኤክስ የፓኬጅ ማከማቻ ነው፤ ቨርዥኑም 1.26.2 ነው። ገጾቹ በስልክ ኢንተርኔት ቶሎ እንዲከፈቱ ገጾችን አሳንሶ የሚልከውን የብሮትሊን የማመቂያ ሞጁል (በኤንጂንኤክስ ላይ የሚጨመር ክፍል) ለመጨመር ፈለጉ። በመጀመሪያ ለኡቡንቱ 24.04 የተዘጋጀውን ፓኬጅ አውርደው ለመጫን ሲሞክሩ ያልተሟሉ ጥገኝነቶች አሉ ተባሉ። ቀጥሎ አንድ መመሪያ ተከትለው ሞጁሉን በኤንጂንኤክስ 1.18.0 ምንጭ ኮድ ኮምፓይል ሲያደርጉት (ከምንጭ ኮድ ወደሚሠራ ፋይል ሲቀይሩት)፣ የሞጁሉ ቨርዥን 1018000 ነው፣ የሚጠበቀው ግን 1026002 ነው የሚል መልእክት መጣ። በመጨረሻም የ1.26.2ን ምንጭ ኮድ ወስደው ሲሠሩት ሞጁሉ በባይነሪ ደረጃ አይጣጣምም የሚል ሌላ መልእክት ተተካ፤ በዚህ መሀል ኤንጂንኤክስን ሪስታርት ስላደረጉ ድረ ገጹም ወደቀ። «ሰርቨሩን አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጫን ወይ?» ብለው ጠይቀዋል።

አያስፈልግም። ቢጭኑትም ያንኑ መንገድ እስከተከተሉ ድረስ ያው መልእክት ተመልሶ ይመጣል፤ ምክንያቱም በሰርቨርዎ ላይ የተበላሸ ነገር የለም። ሦስቱም መልእክቶች የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ሊያስገቡት የሞከሩት ሞጁል አሁን እየሠራ ላለው ኤንጂንኤክስ የተሠራ አይደለም። ስለዚህ አንዱን መልእክት ለማጥፋት አንድ አማራጭ፣ ሌላውን ለማጥፋት ሌላ አማራጭ ከመሞከር ይልቅ፣ የትኛው ኤንጂንኤክስ እየሠራ እንደሆነና እንዴት እንደተሠራ አስቀድሞ ማወቅ ያሻል። ትእዛዞችንና የፋይል ስሞችን ከዚህ በታች እንደሚነበቡ አስፍሬያቸዋለሁ፤ ተርሚናሉ ላይ ግን በተለመደው የላቲን አጻጻፋቸው ያስገቧቸው።

ከሁሉ በፊት ድረ ገጹ ይነሣ። ዋናውን የኮንፊገሬሽን ፋይል ከፍተው «ሎድ ሞጁል» በሚለው የሚጀምሩትን መስመሮች በ# ምልክት ይዝጓቸው። ይህን ብቻ አድርገው ካቆሙ ግን ሰርቨሩ አሁንም አይነሣም፤ ሞጁሉ ከሌለ «ብሮትሊ» የሚለው ትእዛዝ ራሱ ለኤንጂንኤክስ እንግዳ ስለሚሆን የማላውቀው ትእዛዝ አለ ብሎ ይቆማል። ስለዚህ «ብሮትሊ»፣ «ብሮትሊ ታይፕስ»፣ «ብሮትሊ ስታቲክ» የሚሉትን መስመሮች ሁሉ፣ በየድረ ገጹ የተለየ ፋይል ውስጥ ያሉትንም ጭምር፣ አብረው ይዝጓቸው። ከዚያ በሱዶ «ኤንጂንኤክስ -ቲ» ብለው ፋይሉ ትክክል መሆኑን ያስፈትሹ፤ ፍተሻው ካለፈ በኋላ ብቻ በ«ሲስተም ሲቲኤል» ያስነሡት።

ድረ ገጹ የወደቀበትን ምክንያትም እግረ መንገዴን ልግለጽ፤ ወደፊት ከብዙ ጭንቀት ያድንዎታልና። ኤንጂንኤክስ ሪሎድ ሲባል አዲሱን ኮንፊገሬሽን ያነባል፣ ስህተት ካገኘበት ይጥለዋል፣ የቀድሞዎቹ ፕሮሰሶችም በቀድሞው ኮንፊገሬሽን ጎብኚዎችን ማስተናገዳቸውን ይቀጥላሉ። ሪስታርት ሲባል ግን አስቀድሞ ይቆማል፣ ከዚያ ለመነሣት ይሞክራል፤ ሞጁሉ ካልተጫነለት እንደቆመ ይቀራል። በሥራ ላይ ባለ ሰርቨር ላይ አዲስ ሞጁል በሪስታርት መሞከር የለበትም። ፈትሾ ሪሎድ ማድረግ ይበቃል፤ ሪስታርት ግድ የሚሆንበት አንድ ሁኔታ አለ፣ እርሱንም ዝቅ ብዬ አነሣዋለሁ።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ኤንጂንኤክስ ሞጁሎችን እንደ ተለየ ፋይል መጫን የጀመረው በ2016 በወጣው በ1.9.11 ቨርዥን ነው። ከዚያ በፊት ማንኛውም ሞጁል ከሰርቨሩ ጋር አብሮ ኮምፓይል መደረግ ነበረበት። ዛሬ ሞጁሉ ስሙ በ«ነጥብ ኤስኦ» የሚያልቅ ፋይል ሆኖ ይቀመጣል፤ ሰርቨሩ ሲነሣም በራሱ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ያስገባዋል። ይሁን እንጂ ይህ ፋይል ራሱን የቻለ ፕሮግራም አይደለም። ሰርቨሩ ስለ አንድ ጥያቄ የያዘውን መረጃ፣ ለምሳሌ የጥያቄውን ሄደሮችና የምላሹን መጠን፣ በቀጥታ ከማኅደረ ትውስታው ያነባል፤ እያንዳንዱ መረጃ ከመዋቅሩ መነሻ በስንት ባይት ርቀት ላይ እንደሚገኝ የሚወሰነውም ኮምፓይል በተደረገበት ጊዜ ነው። ሰርቨሩ አንድ መስክ ጨምሮ ወይም ቀንሶ የተሠራ ከሆነ ሞጁሉ የሌላ መረጃ ቦታ ያነባል፣ ከዚያም ብሶ በሌላ መረጃ ላይ ይጽፋል። ውጤቱ በዘፈቀደ የሚወድቅ ወይም የተበላሸ ገጽ የሚልክ ሰርቨር ይሆን ነበር። ኤንጂንኤክስ ይህን ለመከላከል ሞጁሉን ከማስገባቱ በፊት ሁለት ነገሮችን ያመሳክራል፤ እርስዎን ያስቸገሩዎት ሁለቱ የኋለኛ መልእክቶች ከእነዚህ ማመሳከሪያዎች የሚመጡ ናቸው። የሚያናድዱ ቢሆኑም ድረ ገጽዎን የጠበቁት እነርሱ ናቸው።

የመጀመሪያው ማመሳከሪያ ቨርዥን ነው። 1018000 የሚለው ቁጥር 1.18.0፣ 1026002 የሚለው ደግሞ 1.26.2 ማለት ነው፤ ከነጥቦቹ በኋላ ያሉት ክፍሎች ሦስት ሦስት አሃዝ ይይዛሉ። ማመሳከሪያው ምንም መቻቻል የለውም። በ1.26.1 የተሠራ ሞጁል በ1.26.2 ላይ አይገባም። የተከተሉት መመሪያ 1.18.0ን የመረጠው ኡቡንቱ 22.04 በራሱ ማከማቻ የሚያቀርበው ኤንጂንኤክስ 1.18.0 ስለሆነ መሆን አለበት፤ ለዚያ ሰርቨር መመሪያው ትክክል ነው፣ ለእርስዎ ሰርቨር ግን አይሆንም። ለ24.04 የተዘጋጀው ፓኬጅ አልጫን ያለዎትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ያ ፓኬጅ የተሠራው 24.04 ለሚያቀርበው ለ1.24.0 ስለሆነ ያንኑ ኤንጂንኤክስ እንደ ጥገኝነት ይጠይቃል። በዚህ ጊዜ በኃይል የሚያስጭኑ አማራጮችን አለመጠቀምዎ መልካም ነበር።

እንግዲህ ምንጭ ኮድ ከማውረድዎ በፊት የሚሠራውን ሰርቨር ማንነት ያረጋግጡ። «ኤንጂንኤክስ» ብለው ሰረዝና ትልቁን ቪ ሲያስከትሉ ቨርዥኑንና የተሠራባቸውን አማራጮች በሙሉ ይዘረዝርልዎታል፤ በትንሹ ቪ የሚመጣው ቨርዥኑ ብቻ ነው። ይህን ረጅም መስመር ገልብጠው ያስቀምጡት። ግን ደግሞ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህ ትእዛዝ የሚናገረው ተርሚናሉ ፕሮግራሞችን በሚፈልግባቸው ፎልደሮች ውስጥ መጀመሪያ ስላገኘው ኤንጂንኤክስ እንጂ አሁን ጎብኚዎችን እያስተናገደ ስላለው አይደለም። ኮምፓይል ባደረጉ ጊዜ «ሜክ ኢንስቶል» ብለው ከነበረ፣ ሳያውቁት ሁለተኛ ኤንጂንኤክስ «/ዩኤስአር/ሎካል/ኤንጂንኤክስ» በሚለው ፎልደር ውስጥ ተጭኗል ማለት ነው፤ የፓኬጁ ደግሞ «/ዩኤስአር/ኤስቢን/ኤንጂንኤክስ» ነው። የትኛው እየሠራ እንደሆነ ለማወቅ የዋናውን ፕሮሰስ ቁጥር ይያዙና «/ፕሮክ» በሚለው ፎልደር ውስጥ በዚያ ቁጥር ስር ያለው «ኤግዚ» የሚባል ማያያዣ ወዴት እንደሚያመለክት በ«ሪድሊንክ» ይመልከቱ። ሁለተኛው ጭነት ካለ አሁኑኑ ያስወግዱት፤ ሁለት ኤንጂንኤክስ ባለበት ማሽን ላይ የሚደረግ ምርመራ ሁሉ ወደ ተሳሳተ ድምዳሜ ይወስዳል።

ሁለተኛውና እርስዎን ያቆመዎት ማመሳከሪያ ፊርማው ነው። ቨርዥኑ አንድ ሆኖ እያለ «አይጣጣምም» የሚለው መልእክት የሚመጣው ከዚህ ነው፤ መልእክቱ ምን እንዳልተጣጣመ ስለማይናገር ብዙ ሰው እዚህ ተስፋ ይቆርጣል። ነገር ግን ፊርማውን በዓይን ማየት ይቻላል። «ስትሪንግስ» የሚባለው መሣሪያ ከአንድ ባይነሪ ፋይል ውስጥ የሚነበቡ ፊደላትን ያወጣል። ሰርቨሩን ለዚህ መሣሪያ ሰጥተው ውጤቱን በ«ግሬፕ» አማካይነት «8,4,8» ለሚለው ይፈልጉ፤ በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች የሚጀምርና ከእነርሱ በኋላ 34 ዜሮና አንዶችን ያስከተለ አንድ መስመር ያገኛሉ። 8፣ 4 እና 8 የሚሉት በ64 ቢት ሊኑክስ ላይ የአድራሻ፣ ከሲግናል ጋር የሚሠራበት የቁጥር ዓይነትና የሰዓት መረጃ የሚይዙትን የባይት መጠን ያመለክታሉ። ቀሪዎቹ 34 አሃዞች እያንዳንዳቸው አንድ ባሕርይ ተካትቷል ወይስ አልተካተተም የሚለውን ይመልሳሉ። ይህንኑ በሞጁሉ ፋይል ላይ ይድገሙትና ሁለቱን መስመሮች አንዱን ከሌላው በላይ አስቀምጠው ያስተያዩ። ልዩነቱ ያለው የትኛው አሃዝ ላይ እንደሆነ ወዲያው ይታያል።

ፊርማዎቹን ሳላይ የምገምተው ሁለት አሃዞች ላይ ነው። የመጨረሻው፣ 34ኛው አሃዝ፣ «ዊዝ ኮምፓት» የሚባለው አማራጭ ምልክት ነው። ይህ አማራጭ በ2016 በ1.11.5 ቨርዥን የመጣ ሲሆን፣ ሞጁልና ሰርቨር የግድ በአንድ ዓይነት የአማራጮች ዝርዝር ሳይሠሩም እንዲጣጣሙ የመረጃ መዋቅሮቹን ወጥ ያደርጋቸዋል። የኤንጂንኤክስ ይፋዊ ፓኬጆች በዚህ አማራጭ የተሠሩ ስለሆኑ የእርስዎም ሞጁል በእርሱ መሠራት አለበት፤ ካልሆነ ሰርቨሩ 1፣ ሞጁሉ 0 ይዞ ይገናኛሉ። ሁለተኛው ግምቴ 23ኛው አሃዝ ነው፤ እርሱም ፒሲአርኢ የሚባለውን የሬጉላር ኤክስፕሬሽን ላይብረሪ ይወክላል። በላኩት የኮንፊገር (ከኮምፓይል በፊት አማራጮችን የሚቀበለው ስክሪፕት) መስመር ውስጥ «ዊዝአውት ኤችቲቲፒ ሪራይት ሞጁል» የሚል አማራጭ አይቻለሁ። ለምን እንደጨመሩት መገመት አያዳግትም። ኮንፊገር የሪራይት ሞጁሉ ፒሲአርኢን ይፈልጋል ብሎ ሲቆም፣ በዚያው መልእክት ውስጥ ሞጁሉን በዚህ አማራጭ ማስቀረት እንደሚቻል ይነግራል፤ ሰውም የተነገረውን ያደርጋል። ምክሩ ሙሉ ሰርቨር ለሚሠራ ሰው ስህተት የለበትም። ላለ ሰርቨር ሞጁል ለሚሠራ ግን ወጥመድ ነው፤ ሰርቨርዎ ፒሲአርኢን ይዞ ሳለ ሞጁሉ ያለ እርሱ ስለሚሠራ ፊርማቸው ይለያያል፣ ይህንን ልዩነት ደግሞ «ዊዝ ኮምፓት» አይሸፍነውም። የጂዚፕ (የሌላው የማመቂያ ዘዴ) ሞጁልም ዚሊብ የሚባለውን ላይብረሪ ሲፈልግ ኮንፊገር ተመሳሳይ ምክር ይሰጣል፤ እርሱም የራሱ አሃዝ አለው። ስለዚህ ኮንፊገር አንድ ላይብረሪ ጎደለኝ ባለ ቁጥር መልሱ ላይብረሪውን መጫን ነው። በኡቡንቱ 22.04 ላይ «ቢልድ ኢሴንሻል»፣ «ሊብ ፒሲአርኢ2 ዴቭ»፣ «ዚሊብ1ጂ ዴቭ» እና «ሊብ ኤስኤስኤል ዴቭ» የሚባሉትን ፓኬጆች በአፕት ከጫኑ ምንም ማስቀረት አይኖርብዎትም።

ሥራውን አሁን በንጹሕ ፎልደር እንደ አዲስ ይጀምሩት፤ የቀድሞው ሙከራ የተወውን «ኦብጅስ» ፎልደር አይጠቀሙ። የኤንጂንኤክስን የ1.26.2 ምንጭ ኮድ ከይፋዊው ገጽ ያውርዱ። የብሮትሊን ሞጁል በጊት ሲያወርዱ ንዑስ ሞጁሎቹን አብሮ የሚያመጣውን «ሪከርስ ሰብሞጁልስ» የሚለውን አማራጭ ይጨምሩ። ኤንጂንኤክስን ከብሮትሊ ጋር የሚያገናኘው ኮድና የማመቂያው ላይብረሪ በተለያዩ ማከማቻዎች የሚኖሩ ስለሆኑ፣ ያለዚህ አማራጭ ሲወርድ «ዴፕስ» ውስጥ ያለው የብሮትሊ ፎልደር ባዶ ይሆናል፤ ዚፕ ፋይል አድርገው ሲያወርዱትም እንዲሁ ነው። ኮንፊገር በዚህ ጊዜ የብሮትሊ ላይብረሪ የለም ብሎ ይቆምና ንዑስ ሞጁሉን እንዴት እንደሚያመጡት ይነግርዎታል፤ ይህኛውን ምክር ያለ ሥጋት ይከተሉት።

ከዚያ በብሮትሊ ፎልደር ውስጥ «አውት» የሚል ፎልደር ከፍተው ላይብረሪውን አስቀድመው ሲሜክ በሚባለው የኮምፓይል ማዘጋጃ መሣሪያ ይሠሩታል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ «ቢልድ ሼርድ ሊብስ» የሚለውን «ኦፍ» ማድረግ ነው። ካላደረጉት ላይብረሪው ተለይቶ የሚቀመጥ ፋይል ሆኖ ይሠራል፣ ሞጁሉም ያለ ችግር ኮምፓይል ይሆናል፣ ኤንጂንኤክስ ሊያስገባው ሲሞክር ግን «ሊብ ብሮትሊ ኢኤንሲ» የሚባለውን ፋይል መክፈት አልተቻለም የሚል አዲስ ስህተት ይመጣል። ይህ ከፊርማ ጋር የማይገናኝ ፍጹም ሌላ ችግር ነው። ሞጁሉ የተሟላ መሆኑን ለማረጋገጥ «ኤልዲዲ» የሚለውን ትእዛዝ በፋይሉ ላይ ያስኪዱ፤ ከዝርዝሩ ውስጥ አልተገኘም የሚል መስመር ካለ ችግሩ እዚያ ነው። ሌላም ነገር አለ። በፕሮጀክቱ መግለጫ ላይ ያለው የሲሜክ መስመር «ማርች ኔቲቭ» የሚል አማራጭ ይዟል። ይህ ላይብረሪው ለተሠራበት ፕሮሰሰር ብቻ የተመቻቸ እንዲሆን ያደርጋል። የኪራይ ሰርቨር አቅራቢዎች ደንበኛን ከአንድ ማሽን ወደ ሌላ ሊያዛውሩ ስለሚችሉ፣ አዲሱ ፕሮሰሰር ያንን ትእዛዝ ካላወቀው ኤንጂንኤክስ ሕገ ወጥ ትእዛዝ በሚል ምክንያት ይሞታል። እኔ ይህን አማራጭ አውጥቼ ነው የምሠራው፤ የሚታጣው ፍጥነት ለዚያ ሥጋት አያበቃም።

ላይብረሪው ካለቀ በኋላ ወደ ኤንጂንኤክስ ምንጭ ኮድ ይመለሱና ኮንፊገርን በሁለት አማራጮች ብቻ ያስኪዱት፤ አንዱ «ዊዝ ኮምፓት»፣ ሌላው የብሮትሊን ፎልደር የሚያመለክተው «አድ ዳይናሚክ ሞጁል» ነው። የሰርቨሩን ሙሉ የአማራጮች ዝርዝር ገልብጦ መጠቀምም ይቻላል፣ ይሁን እንጂ ዝርዝሩ የሚጠይቃቸውን ላይብረሪዎች ሁሉ ስለሚያስጭንዎ፣ ሁለቱ አማራጮች ፊርማውን ካስተካከሉ ሌላውን መጨመር ድካም ነው። ቀጥሎ የሚሰጡት ትእዛዝ «ሜክ ሞጁልስ» ነው። ባዶ «ሜክ» ሰርቨሩንም አብሮ ይሠራል፣ «ሜክ ኢንስቶል» ደግሞ ቀደም ብዬ ያልኩትን ሁለተኛ ጭነት ይፈጥራል፤ ሁለቱም እዚህ ቦታ የላቸውም። ሲያልቅ «ኦብጅስ» ውስጥ ሁለት ፋይሎች ያገኛሉ፤ «ፊልተር» የሚለው ገጾችን በቅጽበት የሚያምቅ፣ «ስታቲክ» የሚለው ደግሞ አስቀድመው የታመቁ ፋይሎችን የሚያቀርብ ነው። ፊርማቸውን ከሰርቨሩ ፊርማ ጋር አሁን፣ ወደ ቦታቸው ሳይገለበጡ በፊት፣ ያስተያዩ።

ሰርቨሩ ትንሽ ማኅደረ ትውስታ ስላለው በላፕቶፕዎ ላይ ሠርተው መገልበጥ ቢፈልጉ ይቻላል፣ ግን ላፕቶፑ ላይም ኡቡንቱ 22.04 መኖር አለበት፤ በኮንቴይነር ውስጥ ቢሆንም ይበቃል። ኡቡንቱ 24.04 ላይ የተሠራ ፋይል የዚያን ሥርዓት ጂሊብሲ (ፕሮግራሞች ሁሉ የሚመሠረቱበት የሲ ላይብረሪ)፣ ማለትም 2.39ን፣ ሊጠይቅ ይችላል፤ 22.04 ያለው ግን 2.35 ነው። የፕሮሰሰሩ ዓይነትም አንድ መሆን አለበት።

አገለባበጡ ራሱ ትንሽ ትኩረት ይፈልጋል። የተሳሳተው የቀድሞ ሞጁል በሥራ ላይ ስላልሆነ ዛሬ ችግር አይፈጥርም፤ ወደፊት ግን በሥራ ላይ ያለን የሞጁል ፋይል በላዩ ላይ በ«ሲፒ» አይጻፉበት። እየሠሩ ያሉት ፕሮሰሶች ያንኑ ፋይል ከዲስክ ላይ ይዘውት ስለሆነ ይዘቱ ከሥራቸው ሲለወጥ ይወድቃሉ። አዲሱን ፋይል በዚያው ፎልደር በሌላ ስም ያስቀምጡና በ«ኤምቪ» ስሙን ይለውጡት፤ በዚህ ጊዜ የቀድሞዎቹ ፕሮሰሶች የቀድሞውን ፋይል እንደያዙ ይቆያሉ። ቦታው በይፋዊው ፓኬጅ «/ዩኤስአር/ሊብ/ኤንጂንኤክስ/ሞጁልስ» ነው። ሬድ ሃትና መሰሎቹን ለሚጠቀሙ አንባቢዎች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሆም ፎልደር በ«ኤምቪ» የመጣ ፋይል የኤስኢሊኑክስ (የሊኑክስ የደኅንነት ሥርዓት) መለያውን ይዞ ስለሚመጣ ፈቃዱ ትክክል ሆኖ ሳለ ፈቃድ ተከለከለ ሊባል ይችላል፤ «ሪስቶርኮን» ያስተካክለዋል።

በኮንፊገሬሽኑ ውስጥ ሁለቱ የ«ሎድ ሞጁል» መስመሮች በዋናው ፋይል አናት ላይ፣ «ኢቨንትስ» ከሚለው ክፍል በፊት ይቀመጡ። ከዚያ ክፍል በኋላ ካስቀመጧቸው ትእዛዙ ዘግይቷል ይባላሉ፤ «ኤችቲቲፒ» በሚለው ክፍል ውስጥ ካስገቧቸው ደግሞ እዚህ ቦታ አይፈቀድም የሚል መልስ ያገኛሉ። በ«ኮንፍ ዲ» ፎልደር ውስጥ በተለየ ፋይል ቢያስቀምጧቸውም ያው ነው፤ የዚያ ፎልደር ፋይሎች የሚነበቡት በ«ኤችቲቲፒ» ክፍል ውስጥ ነውና። የ«ብሮትሊ» ትእዛዞቹን ገና ሳይከፍቱ እነዚህን ሁለት መስመሮች ብቻ ጨምረው «ኤንጂንኤክስ -ቲ» ይበሉ። ይህ ካለፈ መጫኑ አልቋል፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ስህተት ካለ የአጠቃቀም እንጂ የመጫን አይደለም።

ሪስታርት ግድ የሚሆንበት ሁኔታ አለ ያልኩት እዚህ ላይ ነው። «ኤንጂንኤክስ -ቲ» ትክክል ነው ብሎ ሪሎድ ሲያደርጉ ምንም ለውጥ ካላዩ፣ የስህተት ሎጉን ይክፈቱ። የቨርዥን አለመጣጣም መልእክት እዚያ ካገኙ፣ በዲስክ ላይ ያለው ኤንጂንኤክስ ታድሶ ሳለ በማኅደረ ትውስታ ውስጥ የሚሠራው ዋና ፕሮሰስ የቀድሞው ነው ማለት ነው። ፍተሻውን የሚያካሂደው ዲስክ ላይ ያለው አዲሱ ነው፣ ሪሎዱን የሚፈጽመው ግን አሮጌው ፕሮሰስ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ይሆናል ሲል ሌላው አይሆንም ይላል። የ«ኤግዚ» ማያያዣው በመጨረሻው ላይ ተሰርዟል የሚል ቃል ካሳየ ይህንኑ ያረጋግጣል። በዚህ ጊዜ፣ ፍተሻው አልፎ ሳለ፣ አንድ ሪስታርት ያስፈልጋል።

አሁን ብሮትሊን ያብሩት። የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሚይዝ፣ የእርስዎ ዓይነት ጽሑፍ ሳይታመቅ ሲላክ ተመሳሳይ ብዛት ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል ከሚይዘው ሦስት እጥፍ ገደማ ይይዛል፤ በዳታ ፓኬጅ ለሚያነብ ሰው ይህ ገንዘብ ነው፣ ስለዚህ ድካምዎ ተገቢ ነው። «ብሮትሊ» የሚለውን «ኦን» ያድርጉት። ዓይነቶቹን ካልገለጹለት የሚያምቀው የኤችቲኤምኤል ገጾችን ብቻ ነው፤ ሲኤስኤስ፣ ጃቫስክሪፕት፣ ጄሰንና ኤስቪጂን በ«ብሮትሊ ታይፕስ» ይጨምሩ። ጄፔግና ፒኤንጂ የመሳሰሉ ምስሎችን አይጨምሩ፤ እነርሱ ቀድሞውኑ የታመቁ ናቸው። የማመቂያው ደረጃ ካልተነካ 6 ነው፣ በቅጽበት ለሚዘጋጁ ገጾች እርሱን አልለውጠውም፤ 11 የፕሮሰሰር ጊዜን ይበላል። 11 የሚጠቅመው ለማይለወጡ ፋይሎች ነው፣ እነርሱን አንድ ጊዜ አምቀው በ«ብሮትሊ ስታቲክ» ያቅርቧቸው። ዋናውን ፋይል ሲለውጡ ግን የታመቀውንም እንደገና ማዘጋጀትዎን አይርሱ፤ ያለዚያ ጎብኚዎች የቀድሞውን ይዘት እያዩ ይቆያሉ። የጂዚፕን ኮንፊገሬሽንም አያጥፉት፤ ብሮትሊን የማይቀበል ብራውዘር ወደ እርሱ ይመለሳል።

መሥራቱን ለማረጋገጥ ብራውዘሩን ብቻ አይመኑ። ብራውዘሮች ብሮትሊን እንቀበላለን የሚሉት በኤችቲቲፒኤስ ላይ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ሰርተፍኬት በሌለው መሞከሪያ አድራሻ ላይ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። በሌላ በኩል ከድረ ገጽዎ ፊት ሲዲኤን (ገጾችን ቀድቶ ለጎብኚዎች የሚያደርስ የሰርቨሮች መረብ) ካለ፣ እርሱ ራሱ ገጹን በብሮትሊ አምቆ ሊልክ ስለሚችል የእርስዎ ሞጁል ሳይሠራ የሠራ ይመስላል። ሰርቨሩ ላይ ሆነው በ«ከርል» ወደ ራሱ ወደ ሰርቨሩ ጥያቄ ይላኩ፤ «አክሴፕት ኢንኮዲንግ» በሚለው ሄደር ላይ «ቢአር» የሚለውን ብቻ ይስጡት። በምላሹ ሄደሮች ውስጥ «ኮንቴንት ኢንኮዲንግ» «ቢአር» የሚል ካዩ ሞጁሉ እየሠራ ነው።

የቀረው የማደስ ጉዳይ ነው። ኡቡንቱ በራሱ የሚያካሂደው የደኅንነት ማደሻ ካልለወጡት በቀር የኤንጂንኤክስን ማከማቻ አይነካም፤ አደጋው የሚመጣው እርስዎ ራስዎ «አፕት አፕግሬድ» ሲሉ ነው። ኤንጂንኤክስ ወደ ሌላ ቨርዥን ሲያልፍ ሞጁልዎ በ1.26.2 ይቀራል፣ በሚቀጥለው መነሣትም ሰርቨሩ እንቢ ይላል። ስለዚህ ኤንጂንኤክስን በ«አፕት ማርክ ሆልድ» ይያዙት፤ የደኅንነት ማስተካከያ ሲወጣ ግን ተይዞ መቆየቱ ራሱ አደጋ ስለሚሆን፣ ከላይ ያለውን ሥራ ቨርዥኑን ተቀብሎ የሚፈጽም አጭር ስክሪፕት ያዘጋጁ። አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ሞጁሉን አስቀድመው በስክሪፕቱ ይሥሩት፣ በቨርዥኑ ስም በተለየ ፎልደር ያስቀምጡት፣ ከዚያ ሆልዱን አንሥተው ኤንጂንኤክስን ያድሱና የ«ሎድ ሞጁል» መስመሮቹን ወደ አዲሱ ፎልደር ያዙሩ። ፓኬጁ ሲታደስ ሰርቨሩን ለማስነሣት ሊሞክር ስለሚችል ይህን ጎብኚ በማይበዛበት ሰዓት ያድርጉት። ይህ ሁሉ ከከበደዎት ሌላ መንገድ አለ፤ ወደ ኡቡንቱ 24.04 ሲሻገሩ ከሥርዓቱ ማከማቻ ያለውን ኤንጂንኤክስ ከነብሮትሊ ሞጁሎቹ በአፕት ይጫኑ። ሁለቱም ከአንድ ማከማቻ ስለሚመጡ አብረው ይታደሳሉ። ቨርዥኑ 1.24.0 ስለሆነ ከአሁኑ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፣ ለጽሑፍ ድረ ገጽ ግን ይህ ጉዳት የለውም፤ ኮምፓይል የማድረግ ልማድ ለሌለው ሰው እኔ የምመርጥለት ይህንን ነው።

ሁለቱን ፊርማዎች ካስተያዩ በኋላ ልዩነቱ ከ23ኛውና ከ34ኛው አሃዝ ውጭ ሆኖ ካገኙት፣ ሁለቱንም መስመሮች ከሰርቨሩ ሙሉ የአማራጮች ዝርዝር ጋር ይላኩልኝ፤ የትኛው አማራጭ እንደጎደለ ከዚያ መለየት ይቻላል።